የጓሮ አትክልት አያያዝ በበጋ፤ ውኃ በሚያጥርበት ወራት መደቡን ከድርቅ ስለ ማዳን



ይህ ትምህርት በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ በጓሮአቸው አትክልት ለሚያለሙ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። በክረምት ጎመን ማብቀል ብዙ ብልሃት አይጠይቅም፤ ዝናቡ ራሱ ያበቅለዋል። የባለቤቱ ትጋት የሚፈተነው ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። በነዚህ ወራት ፀሐዩ ይበረታል፤ ነፋሱ ቅጠሉን ያደርቀዋል፤ ምንጩ ይሳሳል፤ የቧንቧውም ውኃ በየሰፈሩ በተራ ይመጣል።

አትክልት በይበልጥ የሚፈለገውም በዚሁ ጊዜ ነው። 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም በየካቲት ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ይገባና እስከ ፋሲካ ይዘልቃል። ብዙው ቤት ከጎመን፥ ከድንች፥ ከካሮትና ከሽሮ በቀር ለወጥ የሚሆን ነገር በማይፈልግበት ወራት ጓሮው ደርቆ ይገኛል። ስለዚህ መደቡ የደረቀበት ቤተ ሰብ በተወደደ ዋጋ ከገበያ ይገዛል። መደቡን ያዳነ ግን ልጆቹን መግቦ ትርፉን ለጎረቤት ይሸጣል።

ደግሞም ቀድሞ የመናገሻ አውራጃ ይባል በነበረው በዚህ አገር የእርሻው መሬት ከዓመት ወደ ዓመት ጠብቧል። ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል። ቀድሞ ጤፍና ስንዴ ይዘራበት የነበረው ብዙ ማሳ ዛሬ ቤትና ፋብሪካ ቆሞበታል። ማሳው ቢሄድም ጓሮው ለብዙዎች ቀርቶላቸዋል። ትንሽ ጓሮ በደንብ ሲያዝ ምን ያህል እንደሚመግብ ማወቅ ለዚህ አገር ሰው ዛሬ ከምንጊዜውም ይልቅ ያስፈልገዋል።


1ኛ. የአገሩን ጠባይ ስለ ማወቅ

ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2500 ሜትር በላይ ናቸው። ከዓመቱ ዝናብ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ይጠራል። ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ፀሐያማ፥ ሌሊቱ ግን ብርድ ነው፤ በሱሉልታ ሜዳ ላይም ውርጭ ይወርዳል። የቀኑ ሙቀት ከየካቲት ጀምሮ ይጨምራል። የበልግ ዝናብ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት ይጠበቃል፤ ነገር ግን አንድ ዓመት ቀድሞ፥ ሌላ ዓመት ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንድ ዓመትም ፈጽሞ ይቀራል። በ2007 ዓ.ም. በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል፥ በይበልጥም በሰሜን ምሥራቅና በምሥራቅ፥ በልጉ ቀርቶ ተከትሎት የመጣውም ክረምት እንደ ሳሳ እናስታውሳለን።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። በበጋ የሚተክል ሰው አሳቡን በበልግ ዝናብ ላይ መጣል የለበትም። በልጉ ቢመጣ እንደ ምርቃት ይቁጠረው፤ ባይመጣም መደቡ እንዳይሞት አስቀድሞ ያዘጋጅ።

አፈሩም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በተዳፋቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ውኃን ቶሎ ይጠጣል፤ ቶሎም ይደርቃል። በሱሉልታ ሜዳና በሰበታ ዝቅተኛ ቦታዎች ያለው ጥቁር ዋልካ በክረምት ውኃ ይቋጥራል፤ በበጋ ግን ይሰነጠቃል። የምታጠጡት ውኃ በስንጥቁ በኩል ሥሩን አልፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሥሩም ይቈረጣል። ስለዚህ ዋልካ አፈር ያላችሁ ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ሳይሆን ገና በጭረት ሳለ ላዩን ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር በቀስታ ኮትኩታችሁ በላላው አፈር ድፈኑት።


2ኛ. ውኃን ስለ መቍጠር

ብዙ ሰው ስንት መደብ እንደሚተክል አስቀድሞ ይወስንና ውኃውን በኋላ ይፈልጋል። በበጋ ግን መጀመሪያ ውኃው መቈጠር አለበት።

አቈጣጠሩ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር መደብ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ሲፈስ የአንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ያህል ነው። በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ፥ ቅጠሉ የሸፈነው መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር በካሬ ሜትር ያህል ይፈልጋል። ለምሳሌ አንድ ቤተ ሰብ ለጓሮው በየቀኑ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማውጣት ይችላል እንበል። ይህ 40 ሊትር ነው። አርባውን ለአራት ብናካፍለው 10 ካሬ ሜትር ይደርሰናል። ስለዚህ ይህ ቤተ ሰብ ወርዳቸው 1 ሜትር፥ ርዝመታቸው 5 ሜትር የሆነ ሁለት መደቦች ይበቁታል።

«ሁለት መደብ ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው ይኖራል። ነገር ግን ስድስት መደብ ተክሎ ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ የሚረጭ ሰው ስድስቱንም አጠውልጎ ያቆያቸዋል እንጂ አይበላባቸውም። የጠወለገ ጎመን ቅጠሉ ይጠነክራል፤ ክሽክሽ ይወርረዋል፤ በመጨረሻም ያብባል። ሁለቱን ያጠገበ ግን በየሳምንቱ ይቀጥፋል። የቀረው አራት መደብ በጉዝጓዝ ተሸፍኖ እስከ ክረምት ይረፍ።


3ኛ. በክረምት ከፍ፥ በበጋ ዝቅ

በክረምት መደቡን ከመተላለፊያው ከፍ እናደርጋለን፤ ይህም ሥሩ በውኃ ብዛት እንዳይበሰብስ ነው። በበጋ ያንኑ ከፍ ያለ መደብ ይዞ መቀጠል ግን ስሕተት ነው። ከፍ ያለ መደብ በአራቱም ወገን ለነፋስና ለፀሐይ የተጋለጠ ስለ ሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ የሚፈስስበትም ውኃ በጐኑ እየተንከባለለ ወደ መተላለፊያው ይሄዳል።

ስለዚህ በጥቅምት የክረምቱን መደብ አፍርሱ፤ በምትኩ ከመተላለፊያው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ መደብ ቆፍሩ። ያወጣችሁትን አፈር በዙሪያው እንደ ትንሽ ክትር አድርጉት። ለያንዳንዱ ካሬ ሜትር ሁለት ባልዲ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ጨምራችሁ ከአፈሩ ጋር አዋሕዱት። ብስባሽ ምግብ ከመስጠቱም በላይ ውኃን እንደ ስፖንጅ ይይዛል። ያልበሰለ ፍግ ግን ሥሩን ስለሚያቃጥል አይጨመር።

በዋልካ አፈር ላይ ጥልቀቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። በአንዱም ወገን ክትሩን ከፍቶ የሚያፋስስ ቦታ አዘጋጁ። ድንገተኛ የበልግ ዶፍ ቢመጣ ውኃው እንዳይተኛ ቦታው ይከፈታል፤ ዝናቡ ሲያባራም ይዘጋል።

መደቡን ከባሕር ዛፍ አጥር ሥር አታድርጉ። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ለማገዶና ለቤት ሥራ ብዙ ጠቅሞናል፤ ነገር ግን ሥሩ ሩቅ ይሄዳልና ለጎመኑ ያጠጣችሁትን ውኃ ይሻማል። ጓሮው ጠባብ ሆኖ መራቅ ካልተቻለ በዛፉና በመደቡ መካከል ጕልበት የሚደርስ ቦይ ቆፍራችሁ ወደ መደቡ የሚመጣውን ሥር ቍረጡ። በየዓመቱም ይህን መድገም ያስፈልጋል።


4ኛ. ጉዝጓዝ

ጉዝጓዝ ማለት በመደቡ ላይ፥ በተክሎቹ መካከል የሚነጠፍ ገለባ፥ ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ነው። ከዘዴዎቹ ሁሉ ወጪው ጥቂት፥ ጥቅሙ ግን ብዙ የሆነው ይህ ነው። ፀሐይና ነፋስ በቀጥታ አፈሩን እንዳይነኩ ይከለክላል፤ አረሙን ያፍናል፤ የአፈሩንም ላይ ከመጋገር ያድነዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ) መጀመሪያ መደቡን አረሙት፤ ከዚያም በደንብ አጠጡት። በደረቀ አፈር ላይ የተነጠፈ ጉዝጓዝ ድርቀቱን ከመጠበቅ በቀር ጥቅም የለውም።

ለ) ውፍረቱ አራት ጣት ያህል ይሁን። ከዚህ ቢሳሳ ፀሐይ ያሳልፋል።

ሐ) ከግንዱ ዙሪያ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ተዉ። ጉዝጓዙ ግንዱን ከነካው ይበሰብሳል፤ ቈራጭ ትልም ይሸሸግበታል።

መ) ዘር ያዘለ ሣር አትጠቀሙ፤ አረም መዝራት ይሆናል። የባሕር ዛፍ ቅጠልንም ተዉት፤ ሌላው እንዳይበቅል የሚከለክል ነገር አለበት።

ሠ) ለማጠጣት ጉዝጓዙን በእጅ ገለጥ አድርጋችሁ ውኃውን ከሥሩ አፍስሱ፤ መልሳችሁም ሸፍኑት።

ገለባ ለከብት መኖ ነው፤ ለጎመን ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ነው። ከብቱ በልቶ ከግርግሙ የተረፈውንና የተረገጠውን ጥራጊ ሰብስቡ። ዘር ሳይዝ የታረመ አረም በፀሐይ ደርቆ ይሆናል። የእንሰት ቅጠል ያላቸው ቤቶችም እሱን ሸንሽነው መጠቀም ይችላሉ።


5ኛ. ጥላና የነፋስ መከላከያ

ለችግኝና ለሰላጣ ጥላ ያስፈልጋል። አራት ቋሚ ተክላችሁ በላያቸው ቀጫጭን እንጨት አጋድሙ፤ ሣር ወይም ቅጠል አሳስታችሁ አልብሱት። ከፍታው ከወገብ ያለፈ ይሁን። ብርሃን ጨርሶ እንዳይጨልም፥ ከላይ የሚወርደው ፀሐይ ግማሹ ብቻ ይከለል። ጎመን፥ ካሮት፥ ሽንኩርትና ድንች ሥር ከያዙ በኋላ ግን ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋሉና ጥላው ይነሣላቸው።

ነፋስ ከፀሐይ ባልተናነሰ ሁኔታ ያደርቃል። ነፋሱ ከሚበረታበት ወገን የጭራሮ ወይም የሸንበቆ አጥር ይቁም። ነፋስ ጨርሶ የማያሳልፍ የቆርቆሮ አጥር ከበላዩ ነፋሱን አዙሮ መደቡ ላይ ይጥለዋል፤ ጥቂት የሚያሳልፍ አጥር ይሻላል።


6ኛ. እንዴትና መቼ እናጠጣ?

በየቀኑ ላዩን ብቻ መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፤ ላይ የቀረ ሥር ደግሞ አንድ ቀን ውኃ ቢቀርበት ይሞታል። ሥር የያዘ ተክል ሁል ጊዜ ጥቂት ከሚጠጣ ይልቅ አልፎ አልፎ ጠግቦ ቢጠጣ ይሻለዋል።

ቀደም ሲል የጠቀስነው ባለ ሁለት መደብ ቤተ ሰብ እንዲህ ማድረግ ይችላል። የሁለት ቀን ውኃውን፥ ማለት 4 ጀሪካን ወይም 80 ሊትር፥ በበርሜል ያጠራቅማል፤ በሁለተኛው ቀን ማታ ሁሉንም ለአንደኛው መደብ ይሰጣል። የቀጣዩን ሁለት ቀን ደግሞ ለሁለተኛው መደብ ይሰጣል። እያንዳንዱ መደብ በየአራት ቀኑ ይጠጣል ማለት ነው። በ5 ሜትር መደብ ላይ በሁለት ረድፍ፥ በ45 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተተከለ ጎመን 22 እግር ያህል ይሆናል፤ ለያንዳንዱ እግር 3 ሊትር ተኩል ገደማ ይደርሰዋል። ውኃው በመደቡ ሁሉ ላይ ከሚበተን ይልቅ በየእግሩ ሥር ቢፈስ ይሻላል።

ችግኝ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በመደብ የተዘራ ዘርና አዲስ የተዛወረ ችግኝ ሥር እስኪይዝ ድረስ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይፈልጋል።

መጠማቱን ለማወቅ ሁለት ምልክት አለ። አንደኛ፥ ጎመኑ በቀትር ጠውልጎ ወደ ማታ ከተነሣ ሙቀቱ ነው እንጂ ውኃ አላጣም። ጠዋት ሳይነጋ ጠውልጎ ከተገኘ ግን በእርግጥ ተጠምቷል። ሁለተኛ፥ ከሥሩ አጠገብ ጣት ሙሉ ያህል ቆፍራችሁ አፈሩን በእጃችሁ ጨብጡ። ተጣብቆ የሚቀር ከሆነ ቆዩ፤ የሚበተን ከሆነ አጠጡ።

ከየካቲት ጀምሮ በማታ ወይም በማለዳ አጠጡ። ከኅዳር እስከ ጥር ግን፥ በይበልጥ በሱሉልታ፥ በማታ ቅጠሉን አታርጥቡ። ከረፋዱ በኋላ ሥሩን አጠጡ። ቀን የረጠበ አፈር ከደረቀው ይልቅ ሙቀት ይዞ ያድራልና ውርጩን በመጠኑ ይከላከላል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በማይኖርበት ማታ ችግኙን በሣር ወይም በጆንያ ሸፍናችሁ ጠዋት ግለጡት።


7ኛ. የተቀበረ እንስራ

ሸክላን ቀብሮ ተክልን ማጠጣት የቆየ ጥበብ ነው፤ በቻይና ከ2000 ዓመት በፊት በተጻፈ የእርሻ መጽሐፍ ላይ ተገልጾ ይገኛል። ለኛም የሚቸግር አይደለም። 10 ሊትር ያህል የሚይዝ ሸክላ እስከ አንገቱ ድረስ በመደቡ መካከል ይቀበራል፤ ውኃ ተሞልቶ ይከደናል። ውኃው በሸክላው ገላ እያላበ ወደ ደረቀው አፈር ይወጣል። አፈሩ ሲረጥብ ይቀንሳል፤ ሲደርቅ ይጨምራል። ከሸክላው ዙሪያ አንድ ክንድ እስከማይሞላ ርቀት ድረስ ጎመን፥ ዝኩኒ ወይም ቲማቲም ይተከላል። በየሦስት ወይም በየአራት ቀን እያያችሁ ሙሉት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ለውኃ ወይም ለጠላ ተብሎ የታሸና የታጠነ ሸክላ አያልብም። ስለዚህ ሲገዛ ያልታሸና ያልታጠነ መሆኑን ጠይቁ። ለመፈተን ውኃ ሞልታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ውጭው ረጥቦ ከተገኘ ይሆናል። ክዳኑን አትርሱ፤ ያለዚያ ትንኝና ሌላ ተባይ ይራባበታል። የሳሙና ውኃም አይጨመርበት፤ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል።

ሸክላ መግዛት ላልቻለ ሰው የሃይላንድ ፕላስቲክ ይበቃል። ባለ 2 ሊትሩን በመርፌ ሦስት አራት ቦታ በስታችሁ አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከተክሉ አጠገብ ቅበሩት። በመጠኑ እየተንጠባጠበ ሥሩን ያጠጣል።


8ኛ. ውኃው ከየት ይገኛል? የትኛውስ ይከለከላል?

የጣራ ውኃ። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ በ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 400 ሊትር ይሰበስባል። አምስተኛው እጅ ቢባክን እንኳ 320 ሊትር ይቀራል። አሸንዳ ገጥሞ ሁለት በርሜል ያቆመ ሰው አንድ የበልግ ዝናብ ቢመጣለት ለስምንት ቀን የሚሆን የጓሮ ውኃ ያገኛል። በመሬት ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ፕላስቲክ ሸራ ያነጠፈም ከዚህ ይበልጥ ያቆያል። ነገር ግን ልጅ እንዳይገባበት ጉድጓዱ መታጠርና መከደን አለበት።

የእጅና የዕቃ ማጠቢያ ውኃ። አትክልትና እህል የታጠበበት ውኃ ያለ ሥጋት ይፈስሳል። ሳሙና የነካው ውኃ ለጎመንና ለመሳሰሉት ተቀቅለው ለሚበሉ አትክልቶች ከሥር ብቻ ይስጥ፤ ቅጠል አይንካ። አንድ ጊዜ እሱን፥ ቀጥሎ ንጹሕ ውኃ እያፈራረቃችሁ አጠጡ። በረኪና ያለበት ውኃ፥ ወይም የሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ውኃ ጨርሶ አይሁን። ጥሬውን ለሚበላ ለሰላጣና ለካሮት ንጹሕ ውኃ ብቻ ይፈቀዳል።

የወንዝ ውኃ። ከፋብሪካ፥ ከቆዳ ማልፊያና ከከተማ ፍሳሽ በታች ያለ ወንዝ አትክልት ማጠጣት ዛሬ የጤና ነገር ነው። በአቃቂ ወንዝ በሚጠጡ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ጀርም በመቀቀል ይሞታል፤ ከባድ ብረት ግን በመታጠብም ሆነ በመቀቀል ከቅጠሉ ውስጥ አይወጣም። ቀለም፥ አረፋ ወይም የተለየ ሽታ ባለው ውኃ አታጠጡ። ውኃው የጠራ ቢመስልም ከበላዩ ምን እንደሚፈስበት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚህ ውኃ ብዙ ጎመን ከማምረት ከንጹሑ ውኃ ጥቂት ማምረት ይሻላል፤ ጎመኑን የሚበሉት ልጆቻችን ናቸውና።


9ኛ. ውኃው እጅግ ቢያጥር የቱ ይተዋል?

የሁለቱ ጀሪካን ውኃ ወደ አንድ የሚወርድበት ሳምንት ይመጣል። በዚህ ጊዜ ሁሉንም እኩል ማስጠማት ሁሉንም ማጣት ነው። ባለቤቱ በተራ ይወስን።

መጀመሪያ ሰላጣ ይተው። ብዙ ይጠጣል፤ ሲጠማ ይመርራል። ያለውን ቀጥፋችሁ ብሉት።

ቀጥሎ የደረሰውን ካሮት፥ ቀይ ሥርና ቆስጣ ሰብስቡ። ገና ያልበቀለ የካሮት ዘርም በዚህ ወቅት አትዝሩ፤ ካሮት እስኪበቅል ሁለት ሳምንት ያህል ሳይቋረጥ እርጥበት ይፈልጋል።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ራሳቸው ሊደርሱ ከተቃረቡ ውኃቸውን ማቋረጥ ጉዳት የለውም። እንዲያውም ከመነቀላቸው በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ውኃ ቢቀርባቸው ሳይበሰብሱ ይቆያሉ።

ድንች ግን አበባው በሚታይበትና ፍሬው ከሥር በሚቋጠርበት ጊዜ ውኃ ከቀረበት ምርቱ በጣም ያንሳል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ድንች ካላችሁ ቅድሚያ ስጡት።

ጎመን እስከ መጨረሻው ይጠበቅ። የአበሻ ጎመን የአገራችን ተክል ነው፤ ችግርንም ይታገሣል። በታች ያሉትን ቅጠሎች በሙሉ ቀጥፋችሁ ብሉ፤ ከላይ አራት ወይም አምስት ለጋ ቅጠል ብቻ ተዉለት። ቅጠሉ ሲቀንስ የሚጠጣው ውኃም ይቀንሳል። በየአራት ቀኑ ግማሽ ውኃ፥ ማለት አንድ ሊትር ተኩል ያህል፥ እየሰጣችሁ ሕይወቱን ብቻ ጠብቁ፤ ዝናብ ሲመጣ ያቈጠቍጣል። ከመካከላቸው ጠንካራ የሆኑትን አምስት ወይም ስድስት እግር ለዘር ለዩ። በድርቅ ጊዜ የጸና ተክል ዘሩ ለሚመጣው ዓመት ሀብት ነው።


10ኛ. የድርቅ ጊዜ ተባይ

በደረቅ ወራት ክሽክሽ በጎመን ላይ ይበዛል። ከቅጠሉ ሥር ተሰብስቦ ጭማቂውን ይመጥጣል፤ ቅጠሉም ይጨማደዳል። ገና በጥቂት ቅጠል ላይ ሳለ ቅጠሉን ቀጥፋችሁ አርቁ። ቢበዛ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በ2 ሊትር ውኃ በጥብጣችሁ ፀሐይ ሲበርድ በቅጠሉ ሥር እርጩ። መጀመሪያ በሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ሞክሩት፤ ካላቃጠለ ቀጥሉ። በሁለተኛው ቀን በንጹሕ ውኃ አጥቡት። የጓሮ አትክልት በየሁለት በየሦስት ቀኑ የሚቀጠፍ ስለ ሆነ፥ ከተረጨ በኋላ ብዙ ቀን መቆየት ያለበትን መርዝ በቤት ጓሮ መጠቀም አይገባም።


11ኛ. የወራቱ ሥራ በአጭሩ

መስከረም፦ ብስባሹን አዘጋጁ። የጎመን፥ የቆስጣና የሽንኩርት ችግኝ አፍሉ። የመጨረሻው ዝናብ ሳያልፍ በርሜሉን ሙሉ።

ጥቅምት፦ ዝቅ ያለውን መደብ ቆፍሩ። ችግኙን በማታ አዛውሩ። አፈሩ እርጥበት ሳለው ጉዝጓዙን አንጥፉ።

ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ፦ ከውርጭ ጠብቁ። ቲማቲምና ዝኩኒ በሱሉልታ በዚህ ወቅት አይተከሉም።

ጥር፦ ውኃችሁን ቍጠሩ፤ የምታቆዩትን መደብ ወስኑ። ሸክላውን ቅበሩ።

ከየካቲት እስከ መጋቢት፦ በማታ አጠጡ፤ ጉዝጓዙ ሲሳሳ ጨምሩ። ክሽክሹን በየሳምንቱ ተመልከቱ።

ሚያዝያ፦ የዘር ጎመኑን ጠብቁ። አሸንዳውን ጥረጉ። ለክረምት ከፍ ያለውን መደብ ማዘጋጀት ጀምሩ።


12ኛ. ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች

ገበሬ የሚያምነው ያየውን ነው። ስለ ጉዝጓዝ አንድ ሰዓት ከማስተማር ይልቅ በአንድ ፈቃደኛ ቤተ ሰብ ጓሮ ሁለት እኩል መደብ አዘጋጁ። በሁለቱም አንድ ዓይነት ጎመን በአንድ ቀን ትከሉ፤ በአንድ ልክ አጠጡ። አንዱ ጉዝጓዝ ይኑረው፤ ሌላው ባዶ ይሁን። በየሳምንቱ የተቀጠፈውን እየመዘናችሁ በደብተር ጻፉ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ጎረቤቶችን ጠርታችሁ መዝገቡን አንብቡላቸው፤ የሁለቱንም አፈር ቆፍረው በእጃቸው እንዲጨብጡ አድርጉ። ውጤቱ ከጠበቃችሁት ቢያንስም እንኳ የሆነውን ጻፉ። ቀጥሎ የሚመጣው ምክር የሚታረመው በዚህ መዝገብ ነውና።

ውኃ ቀድቶ የሚያመላልሰው ማን እንደ ሆነም ተመልከቱ። በብዙ ቤት እናቶችና ልጆች ናቸው። አንድ ጀሪካን የሚያድን ዘዴ የአንድን ሰው ድካም ያድናል። ስለዚህ ምክሩ የመሬቱ ባለቤት ለተባለው ብቻ ሳይሆን ውኃውን ለሚሸከመውም ይነገር። ስለ ዘርና ስለ ድንች ዝርያ ተጨማሪ ምክር የሚያስፈልጋችሁ የሆለታ እርሻ ምርምር ማእከል ቅርባችሁ ነው፤ ለደጋ የሚስማሙ እንደ ጃለኔ፥ ጉዳኔና በለጠ ያሉ የድንች ዝርያዎች የወጡት ከዚያ ነው።


የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ለጓሮአችሁ በየቀኑ ስንት ሊትር ውኃ ታገኛላችሁ? ለአራት ስታካፍሉት ስንት ካሬ ሜትር ይሆናል?

2. የበጋ መደብ ከክረምት መደብ የሚለየው በምንድር ነው? ስለ ምንስ?

3. ጎመናችሁ በቀትር ጠውልጎ ማታ ቢነሣ ምን ታደርጋላችሁ? ጠዋት ጠውልጎ ቢገኝስ?

4. ለመቅበር የምትገዙት ሸክላ የሚያልብ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ?

5. በጓሮአችሁ ካሉት አትክልቶች ውኃው በግማሽ ቢቀንስ መጀመሪያ የምትተዉት የትኛውን ነው? እስከ መጨረሻ የምትጠብቁትስ?

እነዚህን ጥያቄዎች ከቤተ ሰባችሁ ጋር ሆናችሁ ጥር ሳይገባ መልሱ። ውኃው ካለቀ በኋላ የሚደረግ ምክክር ጎመኑን አያድነውም።